«ሙቀት»፣ «ኃይል» እና «አለቀ»፦ የቢሮ ላፕቶፕ አያያዝን በአማርኛ ለመግለጽ መለየት ያለባቸው ቃላት

1. መግቢያ

ባዕድ ዕቃ ወደ አገር ሲገባ የቃላት ባለሙያ በቅድሚያ የሚጠየቀው «ስሙን ምን እንበለው?» ተብሎ ነው። ይሁን እንጂ የትርጉም ሥራ ደጋግሞ እንዳሳየው አንባቢን የሚያሳስተው አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው ስም አይደለም። ላፕቶፕ «ላፕቶፕ» ቢባል የሚሳሳት የለም። የሚያሳስቱት ከጥንት ጀምሮ በአፋችን የሚገኙት «ሙቀት»፣ «ኃይል»፣ «ሞላ»፣ «አለቀ» የሚሉት ቃላት ናቸው። እነዚህ ቃላት በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለትና ሦስት ፍቺ ተሸክመው ያለ ችግር ሲያገለግሉን የኖሩ በመሆናቸው፣ ለመሣሪያ አያያዝ መመሪያ ሲውሉም ፍቺያቸውን ለይቶ ማስቀመጥ እንደሚያስፈልግ ልብ አይባልም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ስለ ቢሮ ላፕቶፕ አያያዝ የሚናገር የሁለት ገጽ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ተርጉሞ ነበር። ከዐረፍተ ነገሮቹ አንዱ «ባትሪው ሲያልቅ በአዲስ ይተካ» የሚል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የላፕቶፓቸው ባትሪ አብጦ የጣት መዳሰሻውን ከሥር ወደ ላይ እየገፋው ሳለ ሥራቸውን እንደቀጠሉ ተገኙ። ስለ ምን ለጥገና ክፍል እንዳላስታወቁ ሲጠየቁ፣ «መመሪያው ሲያልቅ ይተካ ነው የሚለው፤ ይኸ ገና አላለቀም፤ ከጧት እስከ ምሳ ሰዓት ያሠራኛል» ሲሉ መለሱ። ስሕተቱ የእሳቸው አልነበረም፤ የተርጓሚው ነበር። ይህ ጽሑፍ የዚያን ዐይነት ስሕተት ምንጭ ለማሳየትና ለተርጓሚዎች የሚረዱ ጥቂት ቃላትን ለውይይት ለማቅረብ የተዘጋጀ ነው።

2. ለማብራሪያ የተመረጠው መሣሪያ

ነገሩን በአኀዝ ለማስረዳት አንድ የታወቀ የቢሮ ላፕቶፕ መውሰድ ይጠቅማል። ቲንክፓድ የተባለው የላፕቶፕ ዐይነት በ1992 እ.ኤ.አ. በአይቢኤም ኩባንያ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ ሌኖቮ ኩባንያ ተላልፏል። ከዚሁ ዐይነት በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ቲ480 ሁለት ባትሪዎችን ይይዛል። አንዱ ከውስጥ የሚቀመጥ 24 ዋት ሰዓት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከኋላ የሚሰካ 24፣ 48 ወይም 72 ዋት ሰዓት ነው። ከሚገጠሙለት ፕሮሰሰሮች አንዱ ኮር አይ5-8250ዩ ነው። የዚህ ፕሮሰሰር መደበኛ የኃይል ወሰን 15 ዋት፣ ሊደርስ የሚፈቀድለት ከፍተኛ የሙቀት ደረጃም 100 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ የያዘ ሰው ሁለት ነገር ይሻል፦ እንዳይግልበትና ባትሪው እንዲቆይለት። ለዚህም ማራገቢያውን ያጸዳል፣ የኃይል ወሰኑን ዝቅ ያደርጋል፣ ባትሪው እስከ ምን ያህል መሞላት እንዳለበት ይወስናል። እነዚህን ሁሉ የሚያደርገው በቃል እየተመራ ነው።

3. «ሙቀት» እና «የሙቀት መጠን»

አማርኛ ሙቀትን በሚመለከት የቃል ድኻ አይደለም። ቤት ይሞቃል፤ ምጣድ ይግላል፤ ውሃ ይፈላል፤ ሕመምተኛ ያተኩሰዋል። ሆኖም እነዚህ ግሦች የሚለዩት የሚሞቀውን ነገር ዐይነትና የሙቀቱን ብርታት ነው። የፊዚክስ ትምህርት የሚለየው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ከአንዱ አካል ወደ ሌላው የሚተላለፈውን ሙቀትና አካሉ የሚገኝበትን የሙቀት ደረጃ ነው። የክብሪት ነበልባል ከጋለ ምጣድ ይልቅ ከፍ ያለ የሙቀት ደረጃ አለው፤ ነገር ግን በአንድ ክብሪት እንጀራ አይጋገርም፤ የሚሰጠው ሙቀት ጥቂት ነውና። ይህ ልዩነት በሌሎች ቋንቋዎችም ቢሆን ከጥንት የተገኘ አይደለም። በእንግሊዝኛ «ሂት» እና «ቴምፐሬቸር» በተባሉት መካከል ያለው ልዩነት በሳይንስ ጠርቶ የወጣው በ18ኛው መቶ ዓመት ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ በረዶ ሲቀልጥ ሙቀት እየተቀበለ የሙቀት ደረጃው ግን ከፍ እንደማይል ካስረዳ በኋላ ነው።

በእኛ ዘንድ ለ«ቴምፐሬቸር» የተለመደው አቻ «የሙቀት መጠን» ነው። ቃሉ በአየር ጠባይ ዘገባ ሥር የሰደደ ነው። ነገር ግን በጥሬ ፍቺው ሲታይ «መጠን» የሚለው ብዛትን ስለሚያመለክት፣ «የሙቀት መጠን» ማለት በቀጥታ «ምን ያህል ሙቀት» ማለት ይሆናል። ይህም ልንለየው የፈለግነውን ሌላኛውን ጽንሰ ሐሳብ መሰየም ነው። ለአየር ጠባይ ዘገባ ይህ ጉዳት የለውም። ለላፕቶፕ አያያዝ ግን ጉዳት አለው።

ፕሮሰሰሩ 15 ዋት ሲጠቀም ያ 15 ዋት በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ስለዚህም ከመሣሪያው መውጣት አለበት። መንገዱም ከፕሮሰሰሩ ወደ ሙቀት አስተላላፊው ቅባት፣ ከቅባቱ ወደ መዳብ ቱቦው፣ ከቱቦው ወደ ስስ የብረት ክንፎቹ፣ በመጨረሻም በማራገቢያው አማካይነት ወደ አየሩ ነው። ቅባቱ ሲደርቅ ወይም ክንፎቹ በአቧራ ሲደፈኑ የሚወጣው ሙቀት ያው 15 ዋት ሆኖ ሳለ የፕሮሰሰሩ የሙቀት ደረጃ ከፍ ይላል። እንግዲህ ቅባቱን መለወጥና አቧራውን ማስወገድ የሙቀት ደረጃውን ዝቅ ያደርጋሉ እንጂ ሙቀቱን አይቀንሱም፤ ቢሮውም ከዚያ በፊት ካገኘው ያነሰ ሙቀት አያገኝም። የኃይል ወሰኑን ከ15 ወደ 10 ዋት ማውረድ ግን ሙቀቱንም የሙቀት ደረጃውንም ይቀንሳል። ስለዚህ «የላፕቶፑን ሙቀት ለመቀነስ» ብሎ የሚጀምር መመሪያ የትኛውን እንደሚል ካልገለጸ፣ ማጽዳት የሚገባው ሰው ፍጥነት ሲቀንስ፣ ኃይል መወሰን የሚገባው ሰው ደግሞ ቅባት ሲለውጥ ይገኛል።

ለአገራችን አንባቢ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከር እንኳ የሚገፋው አየር በክብደቱ ያነሰ ስለሚሆን የሚያነሣው ሙቀት ይቀንሳል። በደጋ ያለው ቅዝቃዜ ይህን በከፊል ያካክሰዋል፤ ቢሆንም የአየር መተላለፊያው ንጹሕ መሆን በከፍታ ቦታ ይበልጥ አስፈላጊ ነው።

ስለ «ማራገቢያ» ስም ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቤታችን ማራገቢያ የሚያገለግለው ከሰል ለማቀጣጠል ስለሆነ ቃሉ ብቻውን ሲቀመጥ ማብረድን አያመለክትም። «ማቀዝቀዣ» ብቻ ቢባል ደግሞ ምግብ የሚቀመጥበትን ዕቃ ያሳስባል። ስለዚህ በመመሪያ መጀመሪያ ላይ «አብራጅ ማራገቢያ» ተብሎ ቢገባና ከዚያ በኋላ «ማራገቢያ» ብቻ ቢባል ይሻላል።

4. «ኃይል» እና «ጉልበት»

«ኃይል» ከሁሉም ይልቅ የተጫነበት ቃል ነው። የስበት ኃይል፣ የፀሐይ ኃይል፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የጦር ኃይል እንላለን። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በፊዚክስ ሦስት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦችን ሊያመለክቱ ይችላሉ። ለባትሪ ጉዳይ የሚያስፈልገን በእንግሊዝኛ «ፓወር» እና «ኢነርጂ» የሚባሉትን ሁለቱን መለየት ነው። የመጀመሪያው በዋት የሚለካ ሲሆን በአንድ ቅጽበት ምን ያህል እንደሚወጣ ይናገራል። ሁለተኛው በዋት ሰዓት የሚለካ ሲሆን በጠቅላላው ምን ያህል እንደተከማቸ ወይም እንደወጣ ይናገራል። አንደኛው ከቧንቧ በደቂቃ የሚወርደውን ውሃ፣ ሁለተኛው በበርሜል ያለውን ውሃ ይመስላል። በየቤታችን ያለው የመብራት ቆጣሪ የሚቈጥረው ሁለተኛውን፣ ማለትም ኪሎ ዋት ሰዓትን ነው።

ለመጀመሪያው «ኃይል»፣ ለሁለተኛው «ጉልበት» ቢሰጥ መልካም ይመስላል። «ባትሪው ጉልበት የለውም» የሚለው አነጋገር በሕዝብ ዘንድ ያለ በመሆኑ ቃሉ እንግዳ አይሆንም። የሚነሣበት መቃወሚያ «የፈረስ ጉልበት» የሚለው ነው፤ በዚህ ሐረግ ውስጥ «ጉልበት» ያለው ፍቺ እዚህ «ኃይል» ያልነው ነውና። በመጻሕፍትም አጠቃቀሙ ወጥ አይደለም። በመሆኑም «የፈረስ ጉልበት» በልማድ የጸና ሐረግ ሆኖ እንዲቀር፣ በሌላው ቦታ ሁሉ ግን ቃሉ ከመለኪያው ጋር ተያይዞ እንዲጻፍ ማድረግ ይሻላል። «15 ዋት ኃይል»፣ «72 ዋት ሰዓት ጉልበት» ሲባል ቃሉ ቢያሻማ እንኳ መለኪያው ይመሰክራል።

ልዩነቱ በሒሳብ ሲታይ እንዲህ ነው። ቲ480 24 እና 72፣ በድምሩ 96 ዋት ሰዓት ጉልበት ቢይዝና መሣሪያው በአማካይ 8 ዋት ኃይል ቢጠቀም 12 ሰዓት ይሠራል። አማካዩ 16 ዋት ሲሆን 6 ሰዓት ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ኃይልን መቀነስ ጉልበትን መቈጠብ ይመስላል። ነገር ግን አንድ የተወሰነ ሥራ በ15 ዋት 10 ደቂቃ፣ በ10 ዋት ደግሞ 15 ደቂቃ የሚፈጅ ነው እንበል። በሁለቱም መንገድ ፕሮሰሰሩ የሚወስደው 2.5 ዋት ሰዓት ነው። ስክሪኑና የቀሩት ክፍሎች በዚያው ጊዜ 5 ዋት የሚጠቀሙ ከሆነ ጠቅላላው ፍጆታ በመጀመሪያው መንገድ 3.33፣ በሁለተኛው 3.75 ዋት ሰዓት ይሆናል። ኃይሉ ቀነሰ፤ የወጣው ጉልበት ግን በዛ። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ በዝግታ ሲሠራ ቮልቴጁም ስለሚቀንስ ብዙ ጊዜ ቍጠባው ይገኛል። ሆኖም «ኃይል ቆጣቢ» የሚለው ስያሜ ብቻውን ይህን ሁሉ ሊሸከም አይችልም።

«የቮልቴጅ ቅነሳ» የሚለውም ማብራሪያ ይሻል። በፕሮሰሰር ውስጥ ለሥራ የሚውለው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ ሳይለወጥ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢቀንስ ይኸው ኃይል ወደ 81 በመቶ ይወርዳል። ባለሙያዎች ይህን ዘዴ የወደዱት ፍጥነት ሳይነካ ሙቀትም ፍጆታም ስለሚቀንስ ነው። ይሁን እንጂ ፕላንደርቮልት የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ከሆነ በኋላ ኢንቴል ይህን መንገድ ለመዝጋት የሚያስችል ማሻሻያ አውጥቷል፤ ስለዚህ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ማስተካከያው የተቈለፈ ሆኖ ይገኛል። ተርጓሚው ሊያስብበት የሚገባው ሌላ ነው። በአማርኛ «ቮልቴጅ ቀነሰ» ሲባል የሚታሰበው መብራት ደክሞ ዕቃ ሊያበላሽ መቃረቡ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ «የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ዝቅ ማድረግ» ተብሎ ባለቤቱ ይጠቀስ።

5. «ለጎመ» እና «ለገመ»

ፕሮሰሰሩ ከተፈቀደለት የሙቀት ደረጃ ሲቃረብ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተጠቃሚዎች ይህን ሲያዩ «ኮምፒውተሩ ለገመ» ይላሉ። ለገመ ማለት እየቻለ ሥራ አልሠራም አለ ማለት ነው። በዚህ ግሥ የተነገረው ሰው መሣሪያው እንደ ሰነፈ ስለሚቈጥር ወይ ሌላ ይገዛል፣ ወይ ፕሮግራሞችን ያጠፋል፤ አቧራውን ግን አያይም።

የሚገባው ግሥ በድምፅ እጅግ ቅርብ የሆነው «ለጎመ» ነው። ልጓም ፈረሱን ከፍጥነቱ እንደሚገታው ሁሉ ፕሮሰሰሩም ይለጎማል። ለድርጊቱ «የሙቀት ልጎማ» የሚለው ስም ቢወሰድ ቃሉ ከራሱ ሥር የወጣ ይሆናል፤ ጥያቄንም ይጋብዛል፤ «ማን ለጎመው? ስለ ምን?» ያሰኛል። መልሱም ወደ ማራገቢያውና ወደ ቅባቱ ይመራል። የሁለቱ ቃላት በድምፅ መቀራረብ በንግግር ሊያደናግር ይችላልና በመጀመሪያ በሚገባበት ቦታ ከ«ልጓም» ጋር አያይዞ ማስረዳት ያስፈልጋል።

6. «ሞላ»፣ «አለቀ»፣ «አረጀ»፣ «አበጠ»

«ባትሪ» ወደ አማርኛ ሲገባ የፍቺ ለውጥ አግኝቷል። በብዙ አካባቢ ባትሪ ማለት በእጅ የሚያዝ መብራት ሲሆን፣ በውስጡ የሚገባው «የባትሪ ድንጋይ» ይባላል። ይህ አጠራር ለላፕቶፕም ይጠቅማል፤ የላፕቶፕ ባትሪም በውስጡ ብዙ ሴሎችን የያዘ ነውና። ይሁን እንጂ ከድንጋዩ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ልማድ አለ። የባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ይጣላል፤ ባዶ መሆኑና ማርጀቱ አንድ ነው። በድጋሚ በሚሞላ ባትሪ ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። «ባትሪዬ አለቀ» የሚል ሰው ሶኬት ያስፈልገው ወይም አዲስ ባትሪ ከንግግሩ አይታወቅም። በመግቢያው ላይ የተነገረው ስሕተት የመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ሦስት ሁኔታዎች በሦስት ቃላት ይለዩ። ለጊዜው ባዶ የሆነው «ባትሪው ተሟጠጠ» ይባል፤ ሲሞላ ይመለሳል። የመያዝ ዐቅሙ የቀነሰው «ባትሪው አረጀ» ይባል፤ ለምሳሌ 96 ዋት ሰዓት ይይዝ የነበረው ሙሉ ሲሆን 72 ብቻ ቢይዝ ከዐቅሙ ሩቡን አጥቷል። በውስጡ ጋዝ ተፈጥሮ የተነፋው «ባትሪው አበጠ» ይባል። ያበጠ ባትሪ ሰዓት መቍጠሩን ቢቀጥልም መጠቀሙም መሙላቱም ወዲያው መቆም አለበት፤ አይበሳም፣ አይጨመቅም፤ በባለሙያ እጅ መወገድ ይገባዋል። ማርጀት የሚለካው በዋት ሰዓት ነው፤ ማበጥ የሚታየው በዐይን ነው። ስለዚህ አንዱን ከሌላው ውስጥ ማስገባት አይቻልም።

«ሞላ» ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። በአማርኛ ሙላት የበረከት ምልክት ሲሆን ጎደሎ ነቀፌታ ነው። አሁን በላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው የሊቲየም አዮን ባትሪ ግን፣ በተለይ ሲግል፣ ሙሉ ሆኖ በቆየ ቍጥር ቶሎ ያረጃል። ይህ የባትሪ ዐይነት በ1991 እ.ኤ.አ. በሶኒ ኩባንያ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ለመገኘቱ ምክንያት የሆኑት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከእሱ በፊት በስፋት ለነበረው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ይሰጥ የነበረው «ከመሞላቱ በፊት ጨርሶ ይሟጠጥ» የሚለው ምክር ለዚህኛው አይሠራም። እስከ መጨረሻው ማሟጠጥም ይጎዳዋል።

ቀኑን ሙሉ ከሶኬት ጋር ለሚውል ላፕቶፕ ተስማሚው መንገድ ሙሌቱን መገደብ ነው። በቲንክፓድ ላይ ከ75 በመቶ በታች ሲወርድ መሙላት እንዲጀምር፣ 80 ሲደርስ እንዲያቆም ማዘዝ ይቻላል። ለዚህ «የሙሌት ወለል» እና «የሙሌት ጣሪያ» የሚሉት ቃላት ይስማማሉ፤ «የዋጋ ወለል» እና «የዋጋ ጣሪያ» አስቀድመው በቋንቋው የለመዱ ናቸውና። ጣሪያው 80 ነው የተባለ ሰው ጎደለብኝ አይልም፤ ከቤቱ ጣሪያ በላይ የሚፈልገው የለምና። ወደ ክፍለ ሀገር ሲጓዝ ጣሪያውን ወደ 100 ከፍ ያደርገዋል።

7. ስለ ዕቃው ስም

«የጭን ኮምፒውተር» የሚለው አጠራር ከመነሻው ቃል ጋር የሚሄድ ቢሆንም ለአያያዝ መመሪያ አይመከርም። የብዙ ላፕቶፖች የአየር ማስገቢያ ከሥር በመሆኑ ጭን፣ አልጋና ብርድ ልብስ መንገዱን ይዘጉታል። ስሙ ዕቃው መቀመጥ የማይገባውን ቦታ የሚያመለክት ስም ከመሆኑ ይልቅ «ላፕቶፕ» ወይም «ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር» ቢባል ይሻላል።

8. ለውይይት የቀረቡ ቃላት

ሙቀት፦ ከመሣሪያው የሚወጣው፤ የሚወጣበት ፍጥነት በዋት ይለካል።
የሙቀት ደረጃ፦ መሣሪያው የሚገኝበት የግለት ልክ፤ በዲግሪ ሴልሲየስ ይለካል።
ኃይል፦ በአንድ ቅጽበት የሚወጣው፤ በዋት ይለካል።
ጉልበት፦ የተከማቸው ወይም በጠቅላላ የወጣው፤ በዋት ሰዓት ይለካል።
የኃይል ወሰን፦ ፕሮሰሰሩ እንዳያልፈው የተደነገገ የዋት ልክ።
የሙቀት ልጎማ፦ ፕሮሰሰሩ እንዳይግል ፍጥነቱን ራሱ መግታቱ።
የመያዝ ዐቅም፦ ባትሪው ሙሉ ሲሆን የሚይዘው ጉልበት።
የሙሌት ወለልና ጣሪያ፦ መሙላት የሚጀምርበትና የሚያቆምበት በመቶኛ የተነገረ ልክ።
ተሟጠጠ፣ አረጀ፣ አበጠ፦ ባዶ ሆነ፤ የመያዝ ዐቅሙ ቀነሰ፤ ተነፋ።

9. መደምደሚያ

ከላይ ከቀረቡት ቃላት አብዛኛዎቹ አዲስ አይደሉም። አዲሱ ነገር እያንዳንዱ በአንድ ቦታ አንድ ፍቺ ብቻ እንዲይዝ መጠየቁ ነው። «የሙቀት መጠን» ከአየር ጠባይ ዘገባ ይውጣ አይባልም፤ በመሣሪያ መመሪያ ውስጥ ግን «የሙቀት ደረጃ» ቦታውን እንዲይዝ ነው። «አለቀ» ደግሞ ስለ ባትሪ በሚጻፍ ማናቸውም መመሪያ ውስጥ ጨርሶ ባይገባ ይመረጣል።

በመግቢያው የተጠቀሰው መመሪያ ታርሟል። ዐረፍተ ነገሩ አሁን «ባትሪው ሲሟጠጥ ይሞላ፤ ሲያረጅ ለጥገና ክፍል ይነገር፤ ሲያብጥ ላፕቶፑ ወዲያው ይጥፋ፣ ከሶኬቱም ይነቀል» ይላል። ከቀድሞው በሦስት እጥፍ ይረዝማል። የቀረቡትን ቃላት በሚመለከት፣ በተለይም ስለ «ጉልበት» እና ስለ «ልጎማ»፣ በየአካባቢው ያለውን አነጋገር የሚያውቁ አንባብያን አስተያየታቸውን ቢያካፍሉ ሥራው የተሟላ ይሆናል።